የአስካለ ምድጃ

ለባለቤቴ ለአስካለ፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ዓለሜ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው፤ ከነገ ወዲያ ሙት ዓመትሽ ነው። አምና በጥምቀት ማግስት ትኩሳቱ ጣለሽ፣ ወር እንኳ ሳይቆይ ቀራንዮ መድኃኔዓለም ወስደን አሳረፍንሽ። ዘንድሮም ጥምቀት መጣ፣ ታቦቱ ወጥቶ ገባ፣ እኔም ይኸው ከግቢያችን ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ሰንበት ስለሆነ መዶሻዬ አርፏል። ፊደሉን እንዲህ አጉልቼ፣ ቃሉን ከቃል አራርቄ የምጽፈው ዓይኔ ደክሞ አይደለም፤ ምክንያቱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። አንቺ ወሬ ሲነገርሽ ሁልጊዜ መጨረሻውን አስቀድመህ ንገረኝ ትዪ ነበር። ዛሬ ትንሽ ታገሺኝ።

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው ክረምቱን ሲያፈስ ከርሞ ነበር፣ አሁን ደፍኜዋለሁ። ያቺ ነጭ ዶሮሽ አመሏን አልተወችም፤ አልጋ ሥር ካልሆነ አትጥልም፣ እኔም ማባረሩን ትቼዋለሁ። ልጃችን ትርፌ አድጋለች። ሰማያዊ ቀሚስሽን ጎረቤታችን ጫልቱ አሳጥራ ሰፍታላት ነበር፤ አሁን የታጠፈው ጫፍ እንደገና እየተፈታ ነው። ሳቋ ያንቺ ነው፣ ቁጣዋም ያንቺ ነው። የኔ የሆነው አፍንጫዋ ብቻ ነው፤ ስለ እሱም ይቅር በዪኝ እላታለሁ። አንቺና ጫልቱ አጥሩ ላይ የከፈታችሁት መሹለኪያ እስካሁን አልተዘጋም። ካንቺ በኋላ በነበሩት ወራት በዚያ ቀዳዳ ስንት ሰሃን ወጥ እንደገባልን እግዜር ነው የሚያውቀው። ጫልቱን አንድ ቀን እንኳ ደህና አድርጌ አላመሰገንኳትም፤ አመስግን ስባል ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ። ባንቺ በኩል ይድረሳት።

አንቺ ያላየሽው ትልቁ ነገር ግን የፋብሪካው መዘጋት ነው።

እንዴት እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጣሊያን ከገባ በሁለተኛው ዓመት ከተቀጠርኩ ጀምሮ ላሜራ ስቆርጥ፣ ሳጥፍ፣ ስበሳ ነው የኖርኩት። ፈርኔሎ የሚሉትን የከሰል ምድጃ፣ የማገዶውን ትልቅ ምድጃ ከነጭስ መውጫው፣ የገላ መታጠቢያ ባኞውን ሁሉ ሠርተናል። ከተማ ውስጥ በተቀመጡት ጣሊያኖች ቤት የኛ እጅ ያልነካው ዕቃ አልነበረም፤ እኛ ግን ከበራቸው አናልፍም። አንቺ ምሳ ይዘሽ ስትመጪ አጥሩ ጋ ቆመሽ በስሜ ትጠሪኝ ነበር። አለቃችን ካቦው ድምፅሽን ለይቶ ስላወቀው ገና ሳትጨርሺ ሂድ፣ መጣችልህ ይለኝ ነበር።

ባለፈው ክረምት ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመ። ከባሕር ማዶ በመርከብ የሚመጣው ላሜራ ቀረ። መጀመሪያ ባኞ መሥራት አቆምን፣ ቀጥሎ ትልልቁን ምድጃ። በመጨረሻ ቁርጥራጭ እየቀጣጠልን ትንንሽ ፈርኔሎ ብቻ ሆነ ሥራችን። ከመስቀል በኋላ አንድ ጠዋት ስንደርስ ካቦው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀንና ሥራ የለም፣ ተዘግቷል አለን። በቃ፣ ይኸው ነበር። ሠላሳ ያህል ሰው ነበርን። ምሳችንን እንደቋጠርን ቆመን ቀረን። አንዱ ታዲያ ይህን ምሳ የት ሄደን ልንበላው ነው ቢል ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን እግሩን ወዴት እንደሚያነሳ ያወቀ ሰው አልነበረም።

የፋብሪካው ባለቤት ሲኞሩም ራሱ ለጦር ተጠርቶ ነበር። ስለ ወገኖቹ የምለውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ወንድምሽን ያጣንበትን ያን የካቲት የረሳሁ እንዳይመስልሽ። ያን ዕለት ግን ዓይኑ ቀልቶ ነበር። እኔ የምቆርጥበትን ትልቁን መቀስ ከውስጥ አምጥቶ እጄ ላይ አኖረው። መቀሱን በነጠላዬ ሸፍኜ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ተበታተነ። ገሚሱ መንገድ ሥራ ገባ፣ ገሚሱ አገሩ ተመለሰ። ከጎኔ ይሠራ የነበረው በቀለ ከጦሩ ጋር ለጥገና ሥራ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ና አብረን እንሂድ፣ ቢያንስ ምግብና ልብስ አለ ብሎ ለምኖኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ከጅሎ ነበር። ግን ትርፌን የት ላድርጋት? ላንቺ የገባሁትን ቃልስ?

ትኩሳቱ ትንሽ ፋታ በሰጠሽ በዚያ ከሰዓት በኋላ እጄን ይዘሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ትርፌ ማንበብ ሳትችል ከዚህ ቤት እንዳትወጣ አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ገበያ ላይ ወረቀት በተለጠፈ ቁጥር የሚያነብልሽ ሰው እስኪገኝ ቆመሽ መጠበቁ ምን ያህል ያናድድሽ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት የቆጠርኩትን ፊደል አንቺ እንደ ትልቅ ሀብት ታዪው ነበር። ከአገር ቤት መልእክት ሲመጣ ሁለት ጊዜ ታስነብቢኝ ነበር፤ አንዴ ወሬውን ለመስማት፣ አንዴ ደግሞ አንብቤ ስጨርስ ፊቴን ለማየት። ልጄ እንደኔ ሰው ደጅ አትጠናም ያልሽው ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ አልሄድኩም። የምሠራው ነገር ደግሞ አልነበረኝም። ጫልቱ ከመርካቶ ባዶ የጋዝ ቆርቆሮ አመጣችልኝና፣ አንተ እጅህ የሚያውቀውን ሥራ፣ እኔ ገበያ አወጣልሃለሁ አለችኝ። እኔም ቆርቆሮውን ዘርግቼ በሲኞሩ መቀስ ቆረጥኩ። እጄ የሚያውቀውን ሠራሁ።

የሆነውን ከመንገሬ በፊት ግን ወደ አንድ ሰንበት ልመልስሽ።

ፋብሪካ በገባሁ በመጀመሪያው የፋሲካ ሰሞን ሲኞሩ ጎኑ ትንሽ የተጣመመ ፈርኔሎ ሰጥቶኝ ነበር፤ ለሽያጭ ስለማይሆን። እኔ እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልዬ እስከ ኮልፌ ተሸክሜው መጣሁ። አንቺ ዙሪያውን ዞረሽ አየሽውና ያምራል አልሽ። ከዚያ ሽሮ ያለበትን የሸክላ ድስትሽን አምጥተሽ አናቱ ላይ አስቀመጥሽ። የፈርኔሎው አናት ጠፍጣፋ ፍርግርግ ነው፣ የድስትሽ ቂጥ ደግሞ ክብ ነው። ድስቱ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ አለና ተገለበጠ። ሽሮው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ፣ የድስቱ ከንፈር ከድንጋይ ተጋጭቶ የጥፍር ያህል ተሸረፈ። እኔ አሁን ልትቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ አንቺ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ይህ የተሠራው ለነጭ ድስት ነው፣ ለኔ ድስት ጉልቻ ትከልበት አልሽኝ።

ብረት ምድጃ ላይ ጉልቻ ይተከላል እንዴ ብዬ ስከራከር ጊዜ አላጠፋሽም። ሦስት ጣቶችሽን ወደ ላይ ቀሰርሽና ድስቱን መካከላቸው አስቀምጠሽ አሳየሽኝ። በማግስቱ ሦስት ቁራጭ ላሜራ አጠፍኩ፣ ፍርግርጉን አውጥቼ ከአፉ ዙሪያ ሦስቱን አቆምኳቸው፣ ወደ ውስጥ ትንሽ አዘነበልኳቸው። ድስትሽን ስትጥጂው ቁጭ አለ። በጣትሽ ገፋ አደረግሽው፣ አልነቃነቅ አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉልበትሽን ይዘሽ መሬት ላይ ጎንበስ ማለት ቀረ። እኔ ግን ያን ምድጃ እንደ ዕቃ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ያንቺ ነበር፣ አለቀ። አንቺ ስትሄጂ ማየቱ ከበደኝና በጆንያ ሸፍኜ ጓዳው ጥግ አስቀመጥኩት፤ ከዚያ ወዲህ መሬት ላይ በድንጋይ ጉልቻ እናበስል ነበር።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። ሳትስቂብኝ ስሚኝ። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እጄ ሳይጠይቀኝ አናታቸው ጠፍጣፋ የሆነ ፈርኔሎዎች ደረደረ። የመጀመሪያውን የወሰደችው ጫልቱ ነበረች። ምስር ጣደችበት፣ ድስቷ ተንገዳገደ፣ ምስሩ አመድ ላይ ተደፋ። ምድጃውን በመሹለኪያው መልሳ አምጥታ፣ አያ ገብሬ፣ ይህማ የነጭ ድስት ማስቀመጫ ነው አለችኝ። ሌሎቹም ሴቶች አንድ በአንድ መለሱልኝ። አንዷ ዶሮዎቼን ውኃ አጠጣበታለሁ ብላ አስቀረችው፤ ምሕረት ማድረጓ ነበር። እኔ ያኔም አልገባኝም። ቆርቆሮው ስስ ስለሆነ ነው እያልኩ ጎኑን አጠነክራለሁ።

ሥራ መፍታቴን ሰምተው እህትሽ እትዬ ወርቄ ከሰበታ መጡ። ክፋት አልነበራቸውም፤ እኔ ሚስቴን ሳጣ እሳቸውም እህታቸውን ነው ያጡት። ከተቀመጡ በኋላ ነገሩን ሳያስረዝሙ ልጅቷ ከኔ ጋር ትሂድ፣ ሥራ ስታገኝ ትመልሳታለህ አሉኝ። እንደማትመለስ ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እዚያ ከሄደች ትለምዳለች፣ ትለምድና ዓመት ሁለት ዓመት ሳይል ትዳራለች። እኔ ደግሞ ምን ይዤ እምቢ ልበል? ግቢው በተመለሰ ምድጃ ተሞልቶ፣ ሌማቱ ባዶ ሆኖ እያዩት። አንገቴን ደፋሁ። አስካለ፣ ያን ቀን ቃሌን ልበላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ትርፌ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን ሰምታለች። ለአክስቷ ምሳ ልትሠራ ወደ ጓዳ ገባች። ጆንያውን ስትገፍ ሰማሁ። ያንቺን ምድጃ ሁለት እጇን ዘርግታ አቅፋ አወጣችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው፣ ከሰል አቀጣጠለች፣ ከንፈሩ የተሸረፈውን ድስትሽን ጣደች። በኋላ ለምን እንደዚያ እንዳደረገች ስጠይቃት፣ እማዬ እዚህ ቤት እንዳለች አክስቴ እንድታይ ብዬ ነው አለችኝ። ይህን የተናገረችው ልጅ ናት። እኔ አባቷ ያን ሁሉ ወር ሸሽጌሽ ነበር።

እትዬ ወርቄ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ ዓይናቸው ከምድጃው አልነቀል አለ። ተነሥተው ሄዱና ድስቱን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ ልክ እንዳንቺ። አልነቃነቅ አላቸው። ይህን ማን ሠራው ብለው ጠየቁኝ። አስካለ ናት አልኳቸው። ውሸት አልነበረም። እኔ ላሜራውን ብቻ ነው ያጠፍኩት። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙና ብዙ አለቀሱ፤ በቀብርሽ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። ዓይናቸውን ከጠረጉ በኋላ ለኔም እንደዚህ ያለ አንድ ሥራልኝ፣ ሳይዝ አልሄድም አሉ።

በማግስቱ ሰበታ መመለሳቸው ቀረና ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ ተቀመጡ። በአንድ ወገን እኔ ቆርቆሮ እደበድባለሁ፣ በሌላው ወገን ትርፌ ማታ ማታ የማስቆጥራትን ፊደል ገበታ ይዛ ትጮኻለች። እሳቸው መካከል ሆነው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያሉ። ሦስቱን ጉልቾች አቁሜ ድስትሽን አስቀመጥኩበትና እንዲገፉት ሰጠኋቸው። ገፉት። ከዚያ ምድጃውን ብድግ አድርገው ራሳቸው ላይ አስቀመጡና፣ እንግዲህ ልጅ ልወስድ መጥቼ ምድጃ ተሸክሜ መመለሴ ነው አሉ። ሳቁ። ትርፌን ግንባሯን ስመው ብቻቸውን ወጡ። ልጃችን እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኝታቸው ስትመለስ እየሮጠች ነበር። እኔ መዶሻ ማንሳት አቅቶኝ ተቀምጬ ቀረሁ። የተሰማኝን ምን ብዬ ልንገርሽ፤ ደስታ ነበር፣ አንቺ የሌለሽበት ደስታ እንዴት እንደሚያም ደግሞ ያኔ አወቅሁ።

ያን ቀን የተመለሱትን ምድጃዎች ሁሉ ፍርግርጋቸውን ነቅዬ ጉልቻ አቆምኩላቸው። ጫልቱ ገበያ ወሰደቻቸው፤ ስትመለስ ባዶ እጇን ነበር። ሰው ስሙ ማን ነው ሲላት የአስካለ ምድጃ ነው ትላለች አሉ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም። አሁን ከሰበታም፣ ከቀራንዮ ማዶም ሰው እየመጣ የአስካለን ምድጃ ስጠን ይለኛል፤ መጀመሪያ ሰሞን በሰማሁት ቁጥር ዘወር ብዬ ዓይኔን እጠርግ ነበር፣ አሁን ለምጄዋለሁ። ከፋብሪካው ሠላሳ ሰው ሁለቱ እዚህ ግቢ ከኔ ጋር ይሠራሉ። ለሁሉም የሚበቃ ሥራ አይደለም፤ የበቀለ ወሬም እስካሁን የለም። ለሁለት ሰው ቤት ግን ምድጃሽ ደርሷል፤ የኛ ሲጨመር ሦስት።

በከተማው ሌላም ወሬ አለ። ሰማዩ ላይ የማናውቀው አውሮፕላን ይሰማል፣ ጣሊያኖቹ ፊታቸው ጠቁሯል፣ ንጉሡ ድንበር ገብተዋል እየተባለ በሹክሹክታ ይነገራል። ይህችን መስመር ድምፅ ቀንሶ ማንበብ ይሻላል። እውነት ሆኖ ባየሽው ብዬ ተመኘሁ።

አስካለ፣ አመሰግንሻለሁ። ፋብሪካው በሩን ሲዘጋብኝ እኔ ሜዳ ላይ የቀረሁ መስሎኝ ነበር፤ አንቺ ግን ገና ድሮ፣ ሽሮ በፈሰሰበት ሰንበት፣ እንጀራችንን በሦስት ጣት አሳይተሽኝ ነበር። ስለ ሳቅሽ አመሰግንሻለሁ፤ ያን ቀን ተቆጥተሽ ቢሆን ኖሮ ምድጃውን ሸጬው ነበር። ለአጥሩ ቀዳዳ፣ ለነጭ ዶሮሽ፣ ሁሉንም ለምታይ ልጅሽ አመሰግንሻለሁ።

ነገ ሴቶቹ ለሙት ዓመትሽ ሊያበስሉ ይመጣሉ። ጫልቱ ማገዶ እንዳላስብ ነገረችኝ፤ እያንዳንዷ የራሷን ምድጃ ከነከሰሉ ይዛ ትመጣለች። እትዬ ወርቄም ያንኑ ተሸክመው የሄዱትን ተሸክመው ዛሬ ገብተዋል። ግቢያችን ዳር እስከ ዳር ባንቺ ምድጃ ይሞላል፣ ድሆቹም ከዚያ ይበላሉ። አንድ ነገር ቃል እገባልሻለሁ፦ እጄ መዶሻ እስከያዘ ድረስ ከንፈሩ የተሸረፈው ድስትሽ ያልተቀመጠበት ምድጃ ከዚህ ግቢ አይወጣም። ጉልቻ ባቆምኩ ቁጥር ሦስት ጣትሽን አያለሁ።

አሁን ፊደሉን ለምን እንዳጎላሁት ልንገርሽ። ከነገ ወዲያ ከፍትሐቱ በኋላ መቃብርሽ አጠገብ ቆሞ ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ሰው እኔ አይደለሁም። ትርፌ ናት። ረጃጅም ቃል ላይ ትቆማለች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ተመልሳ ትጀምራለች፤ አትቸኩዪባት። እኔ አጠገቧ እቆማለሁ፣ አላግዛትም። ድምፅዋ እዚህች መስመር ድረስ ከደረሰልሽ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ ማለት ነው።

ያንቺው ገብሬ